«የሚስቴ ውጤት የእኔም ውጤት አይደለም ወይ?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመጣ ነው። ጸሐፊው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር አሳጥረነዋል።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 34 ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ከአራት ወር በፊት ለሥራ ሐዋሳ ሄጄ ማታ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስንጠጣ አምሽተን ከአንዲት ሴት ጋር አደርኩ። ኮንዶም አልተጠቀምኩም። ሞቅ ብሎኝ ነበር፤ ልጅቷም ንጹሕና ጨዋ ስለምትመስል ብዙ አላሰብኩበትም። በትዳሬ ላይ እንዲህ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አልደገምኩትም።

ከሁለት ወር በፊት ባለቤቴ የእርግዝና ክትትል ስትጀምር ኤች አይ ቪ ተመርምራ ነፃ ነሽ ተባለች። ሲስተሯ ‹ባልሽም መጥቶ ይመርመር› ብላ የመጥሪያ ወረቀት ሰጥታት ነበር። እኔ ሥራ በዛብኝ እያልኩ እስከ ዛሬ አልሄድኩም። ባለቤቴም ‹የኔን አይተውታል፣ ያንተም ያው ነው› ብላ ተወችው። መጀመሪያ በዚሁ ተጽናንቼ ነበር፤ አሁን ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጓደኞቼን ሳማክራቸው አንዱ ‹የተገረዘ ሰው አይዘውም› ይለኛል፣ ሌላው ‹ባታውቀው ይሻልሃል፣ ሠርተህ ኑር› ይለኛል። ከሠርጋችን በፊት ቤተ ክርስቲያን ጠይቃን ሁለታችንም ተመርምረን ነፃ ነበርን። የሚስቴ ውጤት የእኔም ውጤት አይደለም ወይ? ብመረመርስ ምን ብዬ ልነግራት ነው? ኮንዶም ይዤ ቤት ብገባ ‹ማንን አግኝተህ ነው?› ማለቷ አይቀርም። አንድ ጓደኛዬም በቅርቡ እንደኔው ሆኖ ተጨንቋል፤ ለእሱስ ምን ልበለው? እንደ ታላቅ እህት ሆነው ይምከሩኝ።»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በቀጥታ ልመልስልህ፤ አይደለም። የሚስትህ ውጤት የሚስትህ ብቻ ነው። ስለ አንተ ደም የሚናገረው ነገር የለም።

ይህን የምትለው አንተ ብቻ አይደለህም። በእርግዝና ክትትል ክፍል የሚሠሩ ነርሶችን ብትጠይቃቸው «እሷ ነፃ ከሆነች እኔም ነፃ ነኝ» ብሎ የሚቀር ባል ብዙ እንደሆነ ይነግሩሃል። ነገሩ ለጆሮ ትክክል ይመስላል፤ አብረን እየተኛን እኔ ቢኖርብኝ እሷን ሳይነካት ይቀራል እንዴ? አዎ፣ ሊቀር ይችላል። ቫይረሱ በእያንዳንዱ ግንኙነት አይተላለፍም። አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ይተላለፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ባልና ሚስት ለዓመታት አብረው ኖረው አንዱ በደሙ ይዞት ሌላው ሳይያዝ ይቆያል። እንዲህ ውጤታቸው የተለያየ ጥንዶች በየሆስፒታሉ አሉ። ለአንተም ቢሆን ይህ መልካም ወሬ አለው፤ በአንድ ሌሊት የመያዝ ዕድልህ ካለመያዝ ዕድልህ እጅግ ያነሰ ነው። ግን «እጅግ ያነሰ» እና «የለም» አንድ አይደሉም፤ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ምርመራው ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሚስትህ የተመረመረችው አንተ ከሐዋሳ ከተመለስክ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። በጣት ደም የሚደረገው ምርመራ የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ነገር እንጂ ቫይረሱን ራሱን አይደለም። ያ ነገር በአብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታያል፤ አስተማማኝ ውጤት ለማግኘት ግን ከተጠረጠረው ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይቆጠራል። ስለዚህ የእሷ ምርመራ ያንን ሌሊት ሙሉ በሙሉ አላካተተም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ወራት ደግሞ ጨርሶ አላያቸውም።

ደብዳቤህን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። አንድ ሰው አዲስ ሲያዝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እጅግ ይበዛል። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት በዚህ ጊዜ ብትያዝ ወደ ልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ከፍ ይላል። ካርዷ ላይ ደግሞ «ነፃ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ መድኃኒት የሚሰጣት ሰው አይኖርም፣ እሷም አትጠይቅም። ሕክምና ካልተደረገ ቫይረሱ በደማቸው ካለ እናቶች ከሚወለዱና ከሚጠቡ 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። እናቲቱ በጊዜ ታውቃ መድኃኒቷን ከወሰደች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ማወቅ ነው፤ በእናንተ ቤት ደግሞ የጎደለው የአንተ ውጤት ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ውጤትህን እስክታውቅ ድረስ ከሚስትህ ጋር ያለ ኮንዶም አትተኛ። ወይም ለነዚህ ጥቂት ቀናት ጨርሶ ታቀብ።

«ማንን አግኝተህ ነው?» ትለኛለች ብለሃል። ልትል ትችላለች። አንተ ግን ውሸት ሳትናገር የምትመልሰው አለህ። እንዲህ በላት፦ «ሲስተሯ ጠርታኝ ሳልሄድ መቅረቴ ጥፋት ነው። ከሠርጋችን ወዲህ አልተመረመርኩም። በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ፤ እስከዚያው ለልጃችን ስንል እንጠንቀቅ።» ከዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። ትጠረጥር ይሆናል፤ ትቆጣም ይሆናል። የቁጣዋን ቀን መሸከም ትችላለህ። እሷና በሆዷ ያለው ልጅ ግን የአንተን ዝምታ መዘዝ እንዲሸከሙ መፍረድ አትችልም።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ፤ በብዙ ወንድ ልብ ውስጥ ካለው ስዕል በጣም የቀለለ ነው። ጣትህ ላይ ትወጋለህ፣ ጠብታ ደም ይወሰዳል፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ውጤቱ ይደርሳል። የመጀመሪያው መመርመሪያ ቫይረሱ እንዳለ ካሳየ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ሳይረጋገጥ ማንም «አለብህ» አይልህም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክፍያ የለውም። ከምርመራው በፊትም በኋላም የሚያነጋግርህ ባለሙያ አለ፤ የነገርከውን ለሌላ ሰው እንዳይናገር ሙያው ያስገድደዋል። በሰፈርህ ሰው ያየኛል ብለህ ከፈራህ የሰፈርህን ጤና ጣቢያ የመምረጥ ግዴታ የለብህም። አራት ኪሎ ሂድ፣ ካዛንቺስ ሂድ፣ ከፈለግህም የግል ክሊኒክ ግባ። ከአፍ ድድ ላይ በሚወሰድ ፈሳሽ ራስን በራስ መመርመሪያም አለ፤ ካገኘኸው ቤትህ ሆነህ መጀመር ትችላለህ። ሁለት መስመር ቢያሳይህ ግን የመጨረሻ ቃል አይደለምና ጤና ጣቢያ ሄደህ አረጋግጥ።

ጊዜውም ለአንተ ተስማሚ ሆኗል። አራት ወር አልፏል፤ ስለዚህ አሁን የምታገኘው ውጤት ያንን ሌሊት በሚገባ ያካትታል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብለሃል፤ አምኜሃለሁ። ያልጻፍከው ሌላ ቀን ካለ ግን ሦስቱን ወር ከመጨረሻው ቀን ቁጠር። ይህን ለእኔ መንገር አይጠበቅብህም፤ ለሚመረምርህ ባለሙያ ግን ንገረው።

«ሥራ በዛብኝ» ያልከውን ሙሉ በሙሉ ሰበብ ነው ብዬ አልጥለውም። ጤና ጣቢያዎቻችን በወንድ ዓይን ሲታዩ የእናትና የሕፃን ቤት ይመስላሉ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሕፃን የታቀፉና ነፍሰ ጡር ሴቶች ተደርድረዋል፤ ሰዓቱ ሱቅህ ገበያ የሚሞቅበት ሰዓት ነው፤ የጠራህ ወረቀት እንኳ በሚስትህ በኩል ነው የመጣው። ይህ መስተካከል ያለበት ነገር ነው። ወንዶች ከሥራ ሲወጡና በእረፍት ቀን የሚስተናገዱበት ሰዓት በየጤና ጣቢያው ቢመደብ ስንት ባል ይመጣ ነበር! የጤና ኃላፊዎች ይህን የሚያነቡ ከሆነ እለምናቸዋለሁ። አንተ ግን እነሱ እስኪያስተካክሉ አትጠብቅ፤ ያንተ ልጅ የሚወለድበት ቀን አይጠብቅህም።

«ባታውቀው ይሻልሃል» ያለህ ጓደኛህ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በሽታው በአገራችን በ1970ዎቹ መጨረሻ ከታወቀ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የተመረመረ ሰው ከውጤቱ ጋር ይዞ የሚመለሰው መድኃኒት አልነበረም። አዲስ አበባ በዚያ ጊዜ ያልቀበረ ዕድር የለም። በየግድግዳው የተሰቀለው ሥዕልም አጽም ነበር። አንተና ጓደኞችህ ያደጋችሁት ያንን እያያችሁ ነው፤ ስለዚህ «መመርመር» ሲባል ጆሯችሁ የሚሰማው «ሞት» ነው። ነገር ግን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ሕክምና ይጀምራል፤ በቀን አንድ ኪኒን ነው። በትክክል ከወሰደው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፤ እዚያ ደርሶ እስከቆየም ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ይህ ተስፋ ለመስጠት የተባለ አይደለም፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥንዶች ላይ ለዓመታት ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው። ሳያውቅ የሚኖረው ሰው ግን ይህ ሁሉ አይደርሰውም። የሚያውቀው ሲታመም ነው፤ ያኔ ደግሞ ሚስቱም አብራ ልትገኝ ትችላለች።

ስለ ግርዛት የነገረህ ሰው ግማሹን እውነት ሰምቷል። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ በተደረጉ ሦስት ትልልቅ ጥናቶች ግርዛት አንድ ወንድ ከሴት የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ታይቷል። መቀነስ ነው እንጂ መዝጋት አይደለም። ወንዱ ከተያዘ ደግሞ መገረዙ ሚስቱን አያድናትም። በአገራችን ከተሞች በ2010 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉ ሴቶች 4.1 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 1.9 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ከ50 ወንዶች አንዱ ማለት ነው፤ አብዛኛው ወንድ የተገረዘባቸው ከተሞች ናቸው እንግዲህ። በሱቅህ መስመር የሚያልፉትን ወንዶች ለአንድ ሰዓት ብትቆጥር 50 በቀላሉ ይሞላል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ቁመናው አይነግርህም። የዚያችን የሐዋሳ ሴት ንጽሕናና ጨዋነትም ለመመዘኛ አትጠቀምበት። ምናልባት እሷም አንተን አይታ «ጨዋ ባለትዳር ይመስላል» ብላ ይሆናል። ያ ሌሊት ለእሷም አደጋ ነበረው።

አሁን ብዙ ወንድ የሚሰናከልበትን ልናገር። ወንዶች ምርመራውንና ኑዛዜውን አንድ ላይ ያስሩታል። «ከተመረመርኩ መናገር አለብኝ፤ መናገር ስለማልችል አልመረመርም» ይላሉ። እንዲህ ታስረው ሁለቱም ይቀራሉ፤ ወራት ያልፋሉ። አንተ ለያያቸው። መጀመሪያ ተመርመር። ይህ የቀናት ጉዳይ ነው፤ ለማንም መናዘዝን አይጠይቅህም። ከዚያ በኋላ ስለ መናገር ስታስብ ቢያንስ ምን ይዘህ እንደምትናገር ታውቃለህ።

ነፃ ከሆንክ፣ ያ ሌሊት ለሚስትህና ለልጅህ ያመጣው የዚህ ቫይረስ አደጋ የለም ማለት ነው። ያኔ የሚቀረው የትዳራችሁ ጉዳይ ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ማወቅ እመርጥ ነበር፤ አንተ ግን ከንስሐ አባትህ ወይም ከምታምነው ሽማግሌ ጋር ተመካክረህ ወስን። ቫይረሱ ከተገኘብህ ግን ምርጫ የለህም። በዚያው ሳምንት ልትነግራት ይገባል፤ እሷ ወዲያው ደግማ መመርመር አለባትና። ብቻህን ሆነህ መንገር ካቃተህ ሁለታችሁንም አስቀምጦ የሚያነጋግር የምክር ባለሙያ እዚያው ጤና ጣቢያ አለ፤ «ለባለቤቴ መንገር አቅቶኛል፣ አግዙኝ» ማለት ነው። እሷ ነፃ ሆና ከተገኘች ነፃ ሆና እንድትቆይ የሚያደርግ መድኃኒትና ክትትል ይኖራታል። ተይዛ ከተገኘችም ከመውለዷ በፊት መድኃኒት የምትጀምርበት ሦስት ወር ገደማ ይቀራታል፤ ያ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። ከዛሬ ይልቅ የወሊዷ ዕለት ብትጽፍልኝ ኖሮ ይህን ልልህ አልችልም ነበር።

ጤና ጣቢያ ከሄድክ አይቀር የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራም ጠይቅ። ቂጥኝ በእርግዝና ላይ ያለ ልጅን ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜም ምልክት አያሳይም፤ በመርፌ ግን ይድናል። ሽንትህን ሲያቃጥልህ ወይም ፈሳሽ ስታይ ከርመህ ከሆነም አትደብቅ።

ስለ ኮንዶም ደግሞ ይህን ልበልህ። ወንዶች ተሰብስበው «ከረሜላን ከነወረቀቱ» እያሉ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ስሜቱ መቀነሱ አይመስለኝም። ለባለትዳር ወንድ ኮንዶም ኪሱ ውስጥ መያዝ ኃጢአትን ማቀድ ይመስለዋል። ሻንጣውን ሲያዘጋጅ «እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም» ብሎ ሳይዝ ይወጣል። ማታ ላይ ሞቅ ሲለው ያ ጠዋት ያሰበው ሰው አብሮት የለም፤ ኮንዶሙም የለም። ከሁሉ የሚሻለው ለሚስትህ ታምነህ መኖር ነው፤ ይህን ከልቤ እልሃለሁ። አንተን ግን ሐዋሳ ላይ ያጋለጠህ አለመታመንህ ብቻ አይደለም፤ ልሳሳት እችላለሁ ብለህ አለማሰብህም ጭምር ነው። ለሥራ ከከተማ የምትወጣ ከሆነ መጠጡን ቀንስ፣ ማታ ከማን ጋር እንደምታመሽ ምረጥ። ይህን የሚያነብ ሌላ ወንድ ደግሞ እንደማይታቀብ ካወቀ ኮንዶም በኪሱ ይያዝ፤ ይህን በማለቴ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

አጠቃቀሙን እችላለሁ የሚል ወንድ ብዙ ነው፤ ሲቀደድበት ግን «ኮንዶም አያስተማምንም» ይላል። የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አያያዙ ነው። ቦርሳ ውስጥ ለወራት ተጨፍልቆ የከረመ፣ ወይም ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ የተቀመጠ ኮንዶም ላስቲኩ ይደክማል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቀን እይ፤ ስትጫነው አየር እንዳለው አረጋግጥ፤ በጥርስ አትቅደደው። ጫፉን በሁለት ጣት ይዘህ አየሩን አስወጣ፤ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ እስከ ሥሩ ድረስ ዘርጋው። ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባትና ዘይት ላስቲኩን ስለሚያሟሟው አትቀባው። ሁለት ደራርቦ ማድረግም አይጠቅምም፤ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይቀደዳል። ስትጨርስ ሳይላላ ከሥሩ ይዘኸው ውጣ። በጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጠውም ከፋርማሲ የሚገዛውም እንዲህ ከተያዘ ያገለግላል። ውጤትህን እስክታውቅ ባሉት ቀናት ለሚስትህ የምታደርገው ይህን ነው።

ለጓደኛህ የምትነግረው ስንት ቀን እንደሆነው ታይቶ ይወሰናል። 72 ሰዓት ካልሞላው ይህን ጋዜጣ አስቀምጠህ አሁን ደውልለት። ከተጠረጠረ ግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት በየቀኑ የሚወሰድ፣ ቫይረሱ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከል መድኃኒት አለ። በፈጠነ መጠን ይሻላል፤ በዚያው ሌሊት ከሆነ እጅግ ይሻላል። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዶ የሆነውን በግልጽ ይናገር፤ ለእሱ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። ሦስቱ ቀን ካለፉት ግን ያ መድኃኒት አይሠራለትም። ዛሬ ተመርምሮ፣ ሦስት ወር ሲሞላው ይድገመው፤ በመካከሉ ከሚስቱም ሆነ ከሌላ ሰው ጋር ያለ ኮንዶም አይተኛ። ብቻውን መሄድ ከፈራ አብራችሁ ሂዱ፤ አንተም በዚያው ተመርመር።